ከሶልቫ እስከ ዋይትሳንድስ፦ የዌልስን የባሕር ዳርቻ መንገድ አንድ ሙሉ ቀን በእግር ለመሄድ

የሙቀቱ ወራት በተቃረቡ ቁጥር ከለንደን፣ ከበርሚንግሃምና ከዚሁ ከካርዲፍ የሚደውሉልኝ ወዳጆች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሣሉ፤ «ያንን የዌልስ የባሕር ዳር መንገድ አንድ ቀን ልንሄድበት ነው፤ ከየት እንጀምር፣ ምን እንያዝ፣ እንዴትስ እንመለስ?» ይላሉ። በስልክ የሚሰጥ መልስ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ስለሚጎድለው፣ ለአንድ የተወሰነ ክፍል የሚያገለግል ሙሉ መመሪያ ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ከሦስቱ ጥያቄዎች መጀመሪያ መመለስ ያለበት የመጨረሻው ነው፤ የዚህ ጉዞ ዕቅድ የሚወጣው ከመድረሻው ወደ መነሻው ነውና።

የመረጥኩት ክፍል

መላው የዌልስ የባሕር ዳርቻ መንገድ በፈረንጆቹ 2012 የተከፈተ ሲሆን 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በደቡብ ምዕራብ ጥግ ያለው የፔምብሩክሽር ክፍል ብቻውን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው የምመክረው ሶልቫ ከምትባለው የወደብ መንደር ተነሥቶ ዋይትሳንድስ በሚባለው ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ የሚያበቃውን፣ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን መንገድ ነው።

ምክንያቴ የመውጫዎቹ ብዛት ነው። መንገዱ ሴንት ዴቪድስ የተባለችውን ትንሽ ከተማ ከደቡብና ከምዕራብ እንደ ማጭድ ከቧት ስለሚሄድ፣ ጉልበት ቢከዳዎ ወይም ሰማዩ ቢከፋ በአራት ቦታዎች ላይ ባሕሩን ትተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከተማ መግባት ይችላሉ። ሌሎቹ የፔምብሩክሽር ክፍሎች ይህን ያህል ይቅርታ አያደርጉም። ሳንዲ ሄቨንና ጋን በተባሉት ቦታዎች ላይ መሻገሪያው የሚገኘው ባሕሩ ሲጎድል ብቻ ነው፤ በካስልማርቲን በኩል ደግሞ የጦር ሠራዊት የተኩስ መለማመጃ ስላለ ቀይ ባንዲራ በተሰቀለ ጊዜ መንገዱ ይዘጋል። እነዚህን ለሌላ ጊዜ ያቆዩአቸው።

ስለ ሰዓት አጻጻፍ

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ሰዓቶች በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው። የአውቶቡስ ሰሌዳ ግን በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፍ ስድስት መቀነስ ያስፈልግዎታል፤ 09:00 ማለት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 15:30 ማለት ደግሞ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን የማነሣው ለወጉ አይደለም። በአማርኛ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኝ» ተባብለው አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ የመጡ ሰዎች አውቃለሁ። ከእንግሊዝ ወይም ከዌልስ የሚመጣ ጓደኛ ሲቀጥሩ ሰዓቱን በቃል ሳይሆን በአሃዝ ጽፈው ይላኩ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• ጫማ፦ ጥርስ ያለው ሶልና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ተደርጎ የለመደ። አዲስ ጫማ ሁለተኛው ሰዓት ሳይሞላ ተረከዝዎ ላይ ውኃ ያስቋጥራል።
• ሁለት ጥንድ የሱፍ ወይም የሰው ሠራሽ ክር ካልሲ። የጥጥ ካልሲ ላብ ይይዛል፤ የረጠበ ቆዳ ደግሞ ቶሎ ይላጣል።
• ውኃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢሆንም እንኳ።
• አንድ ተጨማሪ የሚሞቅ ሹራብ፣ ኮፍያና ቀጭን ጓንት።
• ለአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ።
• ምግብ፦ ሳይሞቅ የሚበላና ሳይፈስ የሚያዝ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና ድፎ ዳቦ እዚህ ከሚሸጠው ከማንኛውም የተጓዥ ምግብ አያንሱም።
• የኦርድናንስ ሰርቬይ ካርታ፣ የሰሜን ፔምብሩክሽርን የሚያሳየው ኦ ኤል 35፣ ከነውኃ መከላከያ ላስቲኩ።
• ሙሉ በሙሉ የተሞላ ስልክና ፓወር ባንክ።
• በግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ እና ፊሽካ።
• ፕላስተር፣ ፋሻ፣ የዘወትር መድኃኒትዎ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ።
• የፀሐይ መከላከያ ቅባት። ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዝ ፀሐይ እየጠበሰችዎ መሆኑ አይታወቅዎትም፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ፊት ለፊት ታገኝዎታለች።

ጂንስ ሱሪ አይልበሱ፤ ከረጠበ ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉም አይደርቅም። ጋቢም እንደዚያው ነው፤ ጥጥ በመሆኑ ዝናቡን ይጠጣዋል። ማታ ሲመለሱ እንዲደርቡት መኪና ውስጥ ወይም ማደሪያዎ ቢጠብቅዎ ግን ከሱ የሚሻል ነገር የለም።

ከጉዞው በፊት

1. ወሩንና ቀኑን ይምረጡ።

ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ያሉት ወራት ይሻላሉ። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊሆን ጥቂት በሚቀረው አገር ያደገ ሰው እዚህ የሚሳሳተው የብርሃኑን ርዝመት ነው። በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ በዲሴምበር ግን ከቀኑ 10 ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ይጨልማል። ሙሉው ጉዞ ከነዕረፍቱ ስምንት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ በዲሴምበር ብርሃኑ አይበቃም፤ በዚያ ወቅት ከመጡ በመጨረሻ ላይ ከጠቀስኳቸው አጫጭር መንገዶች አንዱን ይውሰዱ።

የፍልሰታ ጾም እዚህ ለመንገዱ በጣም አመቺ በሆነው በኦገስት ውስጥ ይውላል። የጾም ምግብ ይዞ መጓዝ ምንም ችግር የለውም፤ እስከ ከሰዓት በኋላ ውኃ ሳይጠጡ ገደል ለገደል መሄድ ግን ራስን ወደ ማዞር ያደርሳል። ስለዚህ የሚጾሙ ከሆነ ቀኑን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ያድርጉት።

2. የነፋሱን ትንበያ ከዝናቡ አስበልጠው ይመልከቱ።

በዝናብ ውስጥ መሄድ ይቻላል፤ ጥሩ ጃኬት ያለው ሰው አይጎዳም። በገደል አፋፍ ላይ የሚገፋ ነፋስ ግን ልብስ አይመልሰውም። የብሪታንያን የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት፣ ሜት ኦፊስን፣ ትንበያ ከጉዞው በፊት ባለው ምሽትና በዕለቱ ጠዋት ያንብቡ፤ ድንገተኛ የነፋስ ግፊቱ በሰዓት 40 ማይል ወይም 65 ኪሎ ሜትር ይደርሳል ካለ ቀኑን ይለውጡ። ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ምዕራብ፣ ማለትም ከባሕሩ ወደ የብስ ስለሚነፍስ ከገደሉ የሚያርቅዎ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነትዎን ወደ ነፋሱ አዘንብለው ሲሄዱ በድንገት ያቆመ ጊዜ ወደ ባሕሩ በኩል ይንገዳገዳሉ።

3. አውቶቡሱን ጠዋት ይጨርሱት።

ከመመሪያው ሁሉ ይህን አንድ ነገር ብቻ ቢይዙ ይበቃኛል። መኪናዎን ሶልቫ አቁመው ከሄዱ፣ ማታ ዋይትሳንድስ ሲደርሱ መኪናው ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ይቀራል፤ እግርዎ ዝሎ እያለ የመጨረሻውን አውቶቡስ ለመድረስ መሮጥ ይጀምራሉ፤ በገደል መንገድ ላይ ደግሞ አደጋ የሚመጣው በጥድፊያ ነው። ስለዚህ መኪናዎን ሴንት ዴቪድስ ያቁሙ፤ ጠዋት ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሃቨርፎርድዌስት የሚሄደውን ቲ11 ቁጥር አውቶቡስ ይዘው ሶልቫ ይውረዱ። መንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚሄዱት ወደ መኪናዎ ስለሆነ የሚያመልጥዎ ነገር አይኖርም።

መኪና ከሌለዎ በባቡር እስከ ሃቨርፎርድዌስት ይሂዱና በዚሁ በቲ11 አውቶቡስ ሴንት ዴቪድስ ገብተው ይደሩ። ከካርዲፍ በመኪና ራሱ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚወስድ፣ በሕዝብ ማመላለሻ በአንድ ቀን ደርሶ መመለስና ሙሉውን መንገድ መሄድ አይታሰብም። የአውቶቡሱን ሰዓት ከትራቭላይን ከምሪ የጉዞ መረጃ ላይ ለዚያው ቀን ያረጋግጡ፤ የእሑድ ሰሌዳ ከአዘቦቱ፣ የክረምቱም ከበጋው ይለያል።

4. የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ይወቁ።

መንገዱ ራሱ ከገደሉ በላይ ስለሚሄድ በውኃ አይያዝም። ነገር ግን ምሳ ለመብላት ወይም እግርዎን ለማቀዝቀዝ ወደ አንዱ ትንሽ ዳርቻ መውረድዎ አይቀርም፤ ለምሳሌ የኬርቫይ አሸዋ ባሕሩ ሲሞላ አብዛኛው ይሸፈናል። የዕለቱን ሰንጠረዥ ይያዙ፤ ባሕሩ እየጎደለ ባለበት ጊዜ ብቻ ይውረዱ። ብዙ የታተሙ ሰንጠረዦች የግሪኒች ሰዓትን ስለሚከተሉ፣ ሰዓቱ ወደፊት በሚገፋባቸው የሙቀት ወራት አንድ ሰዓት መጨመር ይኖርብዎታል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበትና በምትጠፋበት ሰሞን ደግሞ ሙላቱም ጉድለቱም ከሌላው ጊዜ ይበረታል።

5. ስልክዎን ለአደጋ ጊዜ ያዘጋጁ።

በመንገዱ ላይ ኔትወርክ በየቦታው ይቆራረጣል። ስለዚህ የአካባቢውን ካርታ አስቀድመው ስልክዎ ላይ ያውርዱ። ከዚህ ሌላ፣ ወደ 999 የጽሑፍ መልእክት ለመላክ አስቀድሞ መመዝገብ ይቻላል፦ «ሬጂስተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ወደ 999 ይላኩ፣ ከዚያ በሚመጣልዎ መልስ መሠረት «የስ» ብለው ያረጋግጡ። የጽሑፍ መልእክት ደካማ በሆነ ኔትወርክ ጭምር ሊያልፍ ይችላል፤ በድንጋጤ ውስጥ በእንግሊዝኛ ከመናገር በእንግሊዝኛ መጻፍ ለሚቀልለው ሰውም ትልቅ እፎይታ ነው። እንዲሁም ከየት ተነሥተው የት እንደሚደርሱና እስከ ስንት ሰዓት ካልደወሉ መጨነቅ እንዳለበት ለአንድ ቤት ለሚቀር ሰው ይንገሩ።

በጉዞው ዕለት

6. ከሶልቫ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ይነሡ።

ወደቡ አጠገብ ባለው መኪና ማቆሚያ መጸዳጃ ቤት ይጠቀሙ፤ ውኃዎንም እዚያው መንደሩ ውስጥ ይሙሉ፤ ከዚህ በኋላ እስከ መጨረሻው እርግጠኛ ሆነው የሚተማመኑበት አገልግሎት የለም። በምዕራብ በኩል ሽቅብ የሚወጣውን መንገድ ይያዙ። ከዚህ ጀምሮ አንድ ሕግ ቀኑን ሙሉ ያገለግልዎታል፦ ባሕሩ ሁልጊዜ በግራዎ ነው። ባሕሩን በቀኝዎ ካገኙት ከዕረፍት በኋላ ዞረው እየተመለሱ ነው ማለት ነው፤ በጉም ቀን ይህ ሲደርስ አይቻለሁ። በመገንጠያዎች ላይ የኦክ ዛፍ ፍሬ ምስል ያለበትን ምልክት ይከተሉ። ቢጫ ቀስት ብቻ ያለበት መንገድ ሕዝብ የሚሄድበት ይሁን እንጂ ወደ እርሻ መሐል ሊያስገባዎ ይችላል።

7. እስከ ኬርቫይ ያለውን 7 ኪሎ ሜትር በዝግታ ይሂዱ።

ጠዋት ጉልበት ስላለ ሰው ሁሉ እዚህ ይፈጥናል፤ ማታ የሚከፍለውም ለዚህ ነው። መንገዱ ፖርት ኧ ራውና ካይርቡዲ በተባሉት ሸለቆዎች ላይ እስከ ጅረቱ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። ለሽቅቡ ከደጋ የመጣ ሰው ሳንባ አያንሰውም፤ የሚጎዳው ቁልቁለቱ ነው፤ ጉልበት የሚያልቀው ሲወርዱ ነውና እርምጃዎን ያሳጥሩ፣ ጉልበትዎንም ትንሽ አጠፍ አድርገው ይውረዱ። በካርታ መተግበሪያ ላይ የሚታየውን ሰዓት አይመኑት፤ እሱ የሚቆጥረው እንደ ሜዳ ነው። እዚህ በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ብለው ያስቡ።

8. ኬርቫይ ላይ ሰዓትዎን ይመልከቱና ይወስኑ።

እዚህ መድረስ ያለብዎት ከቀኑ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ከ7 ሰዓት ካለፈ ወይም ከመካከላችሁ አንዱ ማነከስ ከጀመረ፣ ከዚህ ወደ ሴንት ዴቪድስ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ይውጡ። ይህን ውሳኔ እዚህ ማድረግ ያለብዎት ከፊት ያሉት መውጫዎች እየራቁ ስለሚሄዱ ነው። ካልሲዎን የሚለውጡትም እዚህ ነው፤ እግርዎ ላይ ቀይ ሆኖ የሚያቃጥል ቦታ ካገኙ ውኃ እስኪቋጥር ሳይጠብቁ ፕላስተር ይለጥፉበት።

9. በሴንት ኖንስ በኩል ፖርትክላይስ ይድረሱ።

ሴንት ኖንስ የዌልሱ ቅዱስ ዴቪድ ተወለደበት የሚባለው ቦታ ነው፤ ከመንገዱ ጥቂት ከፍ ብሎ የጸሎት ቤት ፍርስራሽና እንደኛው ጠበል የሚከበር ምንጭ አለ። ገብቶ ማየት ይቻላል፤ ውኃ መቅጃ ግን አያድርጉት። በመንገዱ ላይ ካሉት ጅረቶችም አይጠጡ፤ ከላይ ከብት የሚሰማራበት መሬት ነው።

ፖርትክላይስ ጠባብ ወደብ ሲሆን የጥንት የኖራ ማቃጠያ ምድጃዎች ዳርና ዳር ቆመው ይታያሉ። መንገዱ እስከ ወደቡ ራስ ገብቶ ድልድይ ተሻግሮ በሌላው በኩል ይወጣል። ባሕሩ ጎድሎ ጭቃው ሲታይ በመካከል ለማቋረጥ አይሞክሩ፤ የሚያተርፉት አምስት ደቂቃ ነው፣ ጭቃው ግን እግር ይይዛል። ምሳዎን እዚህ ይብሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እዚህ የሚገኙ ከሆነ በመኪናው መንገድ ወደ ከተማው ይውጡ፤ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

10. ከፖርትክላይስ በኋላ ያለውን ክፍል አክብረው ይሂዱ።

እስከ ሴንት ጀስቲኒያን ያለው 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር መሬቱ ከጠዋቱ ይልቅ ለጥ ያለ ቢመስልም ከመኪና መንገድ በጣም የሚርቁበት ክፍል ነው። ፖርትሊስጊ ከተባለው ዳርቻ በስተኋላ ያልፉና ፔን ዳላዴሪን ላይ ይደርሳሉ፤ የዌልስ ዋና ምድር ወደ ምዕራብ የሚያበቃው እዚህ ነው። ከዚህ ነጥብ ጀምሮ መንገዱ ወደ ሰሜን ስለሚታጠፍ፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ወይም ከጎን የገፋዎ የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ከጀርባዎ ይሆናል። በባዶ አለት ላይ ሲሄዱ ቀስ ይበሉ፤ ድንጋዩ ከረጠበ እንደ ሳሙና ነው።

ከማዶ የሚታየው የራምዚ ደሴት ነው። በመካከሉ ያለው ውኃ በሙላትና በጉድለት ጊዜ እንደ ወንዝ ይፈስሳል፤ ቢችስ በተባሉት ድንጋዮች መካከል ሲያልፍ ከገደሉ አናት ድረስ ይሰማል። ለመዋኘት ቀርቶ እግር ለመንከር ወደዚህ ውኃ አይውረዱ። ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ከታች ባሉት ጠጠራማ ጥጎች ነጭ የአቆስጣ ግልገሎች ያያሉ፤ ዝም ብለው ከላይ ይመልከቱ፤ ሰው ከቀረበ እናቲቱ ግልገሉን ጥላ ልትሄድ ትችላለች። ምንቃሩና እግሩ ቀይ የሆነው ጥቁር የቁራ ዘመድ ከገደሉ ሥር እየጮኸ ቢነሣ ደግሞ አይገረሙ፤ የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው እዚያም ያውቀዋል።

11. ሴንት ጀስቲኒያን ላይ የመጨረሻውን ምርጫ ያድርጉ።

ነፍስ አድን ጀልባዎች የሚቆሙበትን ጣቢያ ሲያዩ ደርሰዋል ማለት ነው፤ ሰዓቱ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። በሙቀቱ ወራት ሴልቲክ ኮስተር የተባለችው ትንሽ አውቶቡስ እዚህም፣ ፖርትክላይስም፣ ዋይትሳንድስም ትቆማለች፤ ከወቅቱ ውጪ ግን የለችም። ወደ ከተማ የሚወስደው ጠባብ የመኪና መንገድ ከ3 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

12. በፖርትሴላይ በኩል ወደ ዋይትሳንድስ ይውረዱ።

የቀረው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አሸዋው ከሩቅ ስለሚታይ ሰው እዚህ መፍጠን ይጀምራል፣ ብዙ ቁርጭምጭሚትም የሚጠማዘዘው እዚህ ነው። ዋይትሳንድስ ላይ መጸዳጃ ቤትና በወቅቱ የሚከፈት ካፌ አለ። ገብተው መነከር ከፈለጉ ነፍስ አዳኝ ጠባቂዎች ባሉበት ሰዓት፣ በቀይና ቢጫ ባንዲራዎች መካከል ብቻ ይግቡ፤ ወደ ጥልቁ የሚስብ ውኃ አለ። ከያዘዎ አይታገሉት፤ በጀርባዎ ተንሳፈው እጅዎን ወደ ላይ ያንሡና ይጣሩ። ለስምንት ሰዓት ሲሄድ የሞቀ ሰውነት ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ትንፋሽ ስለሚያጥረው በአንድ ጊዜ ዘለው አይግቡ።

ከዚህ እስከ ሴንት ዴቪድስ በአውቶቡስ፣ አውቶቡስ ከሌለም በእግር ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። በእግር ከሄዱ የግንባር ባትሪዎን ያብሩ፤ መንገዱ ላይ የእግረኛ ጠርዝ የለም።

ማስጠንቀቂያዎች

ከገደል ጠርዝ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሜትር ይራቁ። ሣር ለብሶ ጠንካራ የሚመስለው ጠርዝ ከታች በማዕበል ተቦርቡሮ ባዶውን የተንጠለጠለ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ ሆኖ ይህን ማወቅ አይቻልም። ፎቶ ሲነሡ ወደ ኋላ አይራመዱ። ከገደሉ ሥርም አይቀመጡ፤ በተለይ ከብዙ ዝናብ በኋላ ድንጋይ ይወርዳል።

ሰው ከወደቀ ወይም ባሕር ከወሰደው ተከትለው አይውረዱ። 999 ደውለው «ኮስትጋርድ» ብለው ይጠይቁ፤ የባሕር ዳርቻ አደጋን የሚያስተባብሩት እነሱ ናቸው። ያሉበትን ቦታ ከካርታው ወይም ከስልክዎ ላይ አንብበው ይንገሩ። ስልክ ካልሠራ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ይንፉ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፣ ይድገሙት። ምሽት ላይ ከሆነ በባትሪ ብርሃን እንደዚሁ ያድርጉ።

ከብት ባለበት ማሳ ሲያልፉ በላምና በጥጃዋ መካከል አይግቡ። ውሻ ከያዙ በገመድ ይሁን፤ ላሞች ካሳደዱዎ ግን ገመዱን ይልቀቁት፤ የሚያሳድዱት ውሻውን ስለሆነ እሱ ሮጦ ያመልጣል፣ እርስዎም ይተርፋሉ። የከፈቱትን በር መልሰው ይዝጉ።

በዌልስኛ ብቻ የተጻፈ ምልክት ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ጎን ለጎን አሉ። ሆኖም «ፔሪግል» አደጋ፣ «ሉዊብር» የእግር መንገድ፣ «አራቭ» ደግሞ ቀስ በል ማለት እንደሆነ ማወቅ አይጎዳም። ሴንት ዴቪድስም በአውቶቡስ ሰሌዳ ላይ «ቲዴዊ» ተብላ ብታገኟት ሌላ ከተማ አይደለችም።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስሕተቶች

በቡድን ሲኬድ ብርቱዎቹ ቀድመው ደካማውን ከኋላ መተው ከሁሉ የከፋው ነው። የቡድኑ ፍጥነት የሚለካው በመጨረሻው ሰው ነው፤ ስለዚህ መንገዱን የሚያውቅ አንድ ሰው ከፊት፣ ጠንካራ የሆነ ሌላ ሰው ከኋላ ይሁን፤ በየመገንጠያውም ሁሉም እስኪደርስ ይቆሙ። ቀድሞ የደረሰው አርፎ ሲነሣ ደካማው ያለ ዕረፍት እንዳይሄድ፣ ዕረፍቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠበት ደቂቃ ጀምሮ መሆን አለበት።

ሕፃን በጋሪ ይዞ መምጣት ሌላው ነው። መንገዱ ጠባብና ደረጃ የበዛበት ስለሆነ ጋሪ አይሄድበትም። ስልክን ሙዚቃ እያጫወቱና ቪዲዮ እየቀረጹ ከሰዓት በኋላ ባትሪ መጨረስም እንዲሁ፤ ካርታው ወረቀት የሆነው ለዚህ ነው። ውኃን ለመቆጠብ ብሎ አለመጠጣት ደግሞ ራስ ምታት ይዞ ይመጣል፤ ሳይጠማዎ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ይጠጡ።

ጊዜ ላነሰው ሰው

ከኬርቫይ ተነሥቶ በሴንት ኖንስ በኩል ፖርትክላይስ ደርሶ ወደ ከተማ መመለስ፣ ከሴንት ዴቪድስ ተነሥተው ሲመለሱ ከነዕረፍቱ ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ከፖርትክላይስ እስከ ዋይትሳንድስ ያለው ደግሞ አራት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱም ከላይ በተጻፈው አቅጣጫ፣ ባሕሩን በግራ አድርገው ይሄዳሉ።

ማደሪያዎ እንደደረሱ

ልብስዎን አውልቀው መላ ሰውነትዎን ይመርምሩ፤ በተለይ ከጉልበት በስተኋላ፣ ብብት፣ ብሽሽትና የፀጉር ሥር። በመንገዱ ዳርና ዳር ባለው ረጅም ሣርና ፈርን ውስጥ መዥገር አለ፤ አንዳንዱም ላይም የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ካገኙ ዘይት ወይም እሳት አይጠቀሙ፤ በወረንጦው ለቆዳዎ በጣም ቀርበው ራሱን ይያዙትና ሳይጠመዝዙ ቀጥ አድርገው ቀስ ብለው ይሳቡት፤ ቦታውን በሳሙና ይጠቡ፤ ቀኑን ይመዝግቡ። በሚቀጥሉት ሳምንታት እየሰፋ የሚሄድ ቅላት ወይም እንደ ጉንፋን ያለ ትኩሳት ካዩ ለሐኪምዎ «መዥገር ነክሶኝ ነበር» ብለው ቀኑን ይንገሩ። ጫማዎን ጋዜጣ ጠቅጥቀው ከማሞቂያው ራቅ አድርገው ያድርቁት፤ ማሞቂያው ላይ ከተቀመጠ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ሶሉም ይላቀቃል።